ቁምሳጥኑ አናት ላይ የተደበቀው ጨው

«እንግዲህ አምሮቱን ይዞ ሄደ» አለች አክስት፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። አክስት ሹክ ስትል ጎረቤትም ይሰማል። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ዘይት፣ አንዲት ቅንጣት ጨው ሳይቀምስ! እኔ ብሆን እንዲህ አልጨክንም።»

ቁንጥሬ የሻይ ፔርሙሱን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ተሞልቷል፤ ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይወጣል። ለሁሉም «አሜን» ስትል ሰንብታለች። የአክስት ቃል ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ፤ ምክንያቱም ሦስት ቀን ሙሉ ለራሷ ስትለው የነበረውም ይህንኑ ነበር።

አባቷ ሠላሳ ዓመት የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሠራተኛ ነበር። ቁመቱንም ሥራውንም አይቶ ሰፈሩ «ምሰሶው» ይለው ነበር። አምፖል ለመቀየር ወንበር አያስፈልገውም። በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ከመልመዱ የተነሳ ሜዳ ላይም ጎንበስ ይል ነበር ብለው ይቀልዱበታል። ልጁ ደግሞ በእናቷ ወጥታ በብብቱ ስር ታልፋለች። «ቁንጥሬ» ያላትም እሱ ነው፤ በዚያው ጸናባት።

ይህ ሰው ከምግብ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ክብ ክብ ተቆርጦ በዘይት የተጠበሰ ሽንኩርት ነበር። ከሥራ ሲወጣ ከመንገድ ዳር በወረቀት ያስጠቀልልና ጨዉን ሳይሰስት ነስንሶ፣ ቤት ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ልቡ ሲታመም ሐኪሙ «ዘይትና ጨው ከቤት ይውጡ» አለ። ምሰሶው ሳቀ። ቁንጥሬ አልሳቀችም። የዘይቱን ጠርሙስ ለጎረቤት ሰጠች። የጨዉን ቆርቆሮ ደግሞ ወንበር ላይ ወጥታ ወጥ ቤት ካለው ቁምሳጥን አናት ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ያለ ጨው በላች፤ እሱ ልብ ያላለ መስሏት።

ሽንኩርቱን ግን ልትከለክለው አንጀቷ እምቢ አላት። ጣት በሚያህል ውፍረት ትቆርጠዋለች፣ ቀለበቶቹን ታላቅቃለች፣ ዱቄት ታስነካቸዋለች፣ በወተት በተመታ እንቁላል ትነክራለች፣ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ታለብስና ኦቭን ውስጥ ትከታለች። ማጥቀሻውን ከእርጎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከቁንዶ በርበሬ ትሠራለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምሰሶው አንዱን አንስቶ ነከሰ፣ አላመጠ፣ ጣሪያውን አየ።

«ካርቶን ነው» አለ።

«አባባ!»

«ጥሩ ካርቶን ነው። ፍሪጅ የመጣበት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍርፋሪውን ቀድማ ለብቻው ኦቭን ውስጥ አቀላችው። «አሁን የሬዲዮ ካርቶን ሆነ» አላት። በሚቀጥለው ከስሩም ትኩስ አየር እንዲያገኘው ትሪውን ትታ የሽቦ መደርደሪያው ላይ ደረደረችው፣ መሃል ላይም ገለበጠችው። ሲነከስ ኮሽ አለ። ያኔ ደግሞ ወደ ማጥቀሻው ዞረ፤ ጣቱን ወደ ሳህኑ ቀስሮ «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እያለ ይገስጸው ጀመር። እንዲህ እየሆነ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሷ ኦቭኑ ፊት፣ እሱ ከጎኗ ወንበር ስቦ፣ እሱ ሲነጫነጭ እሷ ስታሻሽል ከሰዓቱ ያልቃል። በመጨረሻ ስድስት ያህሉን በንጹህ ወረቀት ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከትና «እስቲ እግሬን ላፍታታ» ብሎ ይወጣል። ቁንጥሬ እንዳላየች ፊቷን ታዞራለች። ለመንገድ ውሻ እንደሚጥለው እርግጠኛ ነበረች፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ወጥ ቤት ስትገባ ታላቅ ወንድሟ ብርጭቆ ያጥባል። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የአባቱን ቁመት የወረሰው እሱ ነው።

«አክስት ያለችውን ሰማሽ?» አላት።

«ያልሰማ ማን አለ፣ ጋሼ?»

«እኔ ልወቅስሽ አይደለም። ግን መጨረሻው ሰሞን... አንድ ቀን እንኳ በዘይት ብትጠብሺለት ምን ነበረበት?»

ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሦስት ዓመት ስታስታምም ኖራ፣ በእጇ የቀረው የነፈገችው ነገር ብቻ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው መጣ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ከአባቷ ጋር ዳማ ሲጫወቱ ነው ያረጁት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶት ነበር። ተቀመጠ፣ ተከዘ፣ ሻዩን ጠጣ። ከዚያ ቀና አለና «ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ።

«አዎ ጋሼ» አለች ቁንጥሬ።

«ታዲያ ድርሻዬስ?»

አክስት ሻይዋን አስቀመጠች።

«የምን ድርሻ?» አለች ቁንጥሬ።

«የሽንኩርቱ ነዋ! ስድስት ያመጣል፤ ሦስት ለእኔ፣ ሦስት ለእሱ። ዳማ የረታኝ ቀን አራት ለእሱ። ሱሪ ሊያስለካ የመጣው ሁሉ እኮ ስለ ፍርፋሪው ሳይሰማ አይወጣም! ‹ቀድሞ መቅላት አለበት፤ ይቺን ያወቀች የእኔ ልጅ ናት› እያለ ጆሮዬን አደነቆረው።»

«ለእኔ እኮ...» አለች ቁንጥሬ። «ለእኔ ካርቶን ነው የሚለኝ።»

«ታዲያስ! ‹ካመሰገንኳት ሳህኑን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ካጉረመረምኩ ግን አብራኝ ትቀመጣለች› ነበር የሚለው።»

አክስት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይሁና። ጨዉ ግን አምሮት ነው የሞተው።»

«አምሮታላ! ግን የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ‹ጨዉን ቁምሳጥን አናት ላይ ደበቀችብኝ፤ የእኔ ዓይን ከሚያርፍበት!› እያለ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ‹ታዲያ ለምን አታነሳም?› አልኩት አንድ ቀን። ‹እሷ ለእኔ ብላ አልጫ እየበላች እንዴት ብቻዬን እበላለሁ?› አለኝ።»

ቁንጥሬ ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ቁምሳጥኑን ከታች ወደ ላይ አየችው። ለእሷ ወንበር የሚያስፈልገው ከፍታ ለሁሉም ከፍታ መስሏት፣ ጨዉን አምፖል ቆሞ ከሚቀይር ሰው እዚያ ላይ ደብቃለች። ሳቋ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሽርጧን አሰረችና ሽንኩርት አወጣች።

ወንድሟ ተከትሏት ገባ። ሳይጠየቅ ቢላ አነሳ። እሱ ቆረጠ፣ እሷ አለበሰች፤ ፍርፋሪው ቀላ፣ ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ተደረደሩ፣ መሃል ላይ ተገለበጡ። ከኦቭኑ ሲወጡ ወንድሟ አንዱን ማጥቀሻው ውስጥ ነክሮ ጎረሰ።

«ኧረ ግሩም ነው! ጨው ብቻ የለውም።»

«ዞር በልና አንሳዋ።»

ዞር አለ። እጁን ሽቅብ መዘርጋት እንኳ አላስፈለገውም። ቆርቆሮዋ ከዓይኑ ትይዩ ነበረች።

«ወይ ጉድ» አለ።

በጥንቃቄ አወረዳት። ክዳኗ ላይ የሦስት ዓመት አቧራ እንደ ጨርቅ ተነጥፏል፤ የጣት ምልክት የለበትም። የነበረችበት ቦታ ላይ ንጹህ ክብ ቀርቷል። ክዳኑን ሲከፍት ጨዉ አንድ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

«አልነካትም» አለ ወንድሟ። «ቁንጥሬ፣ ይቅር በይኝ። እሱ ራሱ ነው የተወው።»

ቁንጥሬ በረጅሙ ተነፈሰች። አባቷ ተርቦባት አልሞተም። ሐዘኑ እንዳለ ነው፤ ግን አሁን የአባቷ ሐዘን ብቻ ሆነላት፣ እሱንም ትችለዋለች።

«መልሳት» አለችው። «እዚያው ክቡ ላይ።»

ስድስት ቀለበት በንጹህ ወረቀት ጠቅልላ ሳሎን ገባችና ለልብስ ሰፊው ሰጠችው። ሰፊው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ፈታ፤ ሦስቱን ወደ ራሱ፣ ሦስቱን ወደ እሷ ለየ።

ቁንጥሬ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከአባቷ ድርሻ አንዱን አንስታ ነከሰች። ኮሽ አለ።

«ካርቶን ነው» አለች፣ ጉንጯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።