ጌንጎ የሸርጣኑን ጠረጴዛ የጠገነ ዕለት

ከእኔ ላውንደሪ ቀጥሎ ያለው ካፌ የሚሳኦ ነው። ባሏ ጌንጎ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ፣ አሁን እዚያው ካፌ ውስጥ ለቁርስ እንቁላል ይቀቅላል። የሹፌርነቱን ልማድ ግን አልተወም። የእኛ ኦሳካ ሹፌር ያየውን ነገር በጣቱ ካልጠቆመና በአፉ ካልጠራ እንዳላየው ነው የሚቆጠረው፤ ጌንጎም ምድጃው ላይ ጣቱን ቀስሮ "እሳት፣ ደህና። ውሃ፣ ደህና" ሳይል እንቁላል አይጥድም። አዲስ ደንበኛ ሲሰማው ይደነግጣል፣ እኛ ለምደነዋል።

በካፌው ጥግ፣ መስኮቱ ስር፣ ሆዱ ውስጥ ስክሪን የተቀበረበት ጠረጴዛ አለ። እኛ ወጣት ሳለን እንዲህ ያለው ጠረጴዛ የሌለበት ካፌ አልነበረም። ሳንቲም ሲገባለት ሸርጣኖች ከላይ፣ ከቀኝ በኩል ይዘንባሉ፤ ተጫዋቹ በትንሽ ጀልባ ወዲህ ወዲያ እያለ ይተኩሳቸዋል። ሌላው ሁሉ አውጥቶ ሲጥለው ሚሳኦ ያስቀረችው ባሏን ስለምታሸንፍበት ነው። ከሠርጋቸው በፊት ጀምሮ ታሸንፈዋለች። ጌንጎ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ሳያሸንፋት መሞት አይፈልግም።

ታዲያ በዚህ በጋ ስዕሉ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ መጣና እንደ ክር ቀጥኖ ድርግም አለ። ሚሳኦ ጊዜ አላጠፋችም። ማዘጋጃ ቤት ስልክ ደውላ፣ የትልልቅ ቆሻሻ ተለጣፊ ቲኬት ገዝታ፣ ጠረጴዛው ላይ ለጥ አድርጋ ለጠፈችበት። መኪናው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል።

"ሳላሸንፍሽ አይወጣም" አላት ጌንጎ።

"አባቷ፣ ልጅህ ልጅ ወልዳለች፣ አንተ ገና ከሸርጣን ጋር ትጣላለህ?"

"ፈርተሽ ነው።"

"ምኑን ነው የምፈራው? አራት ሰው ዳቦ የሚበላበት ደህና ጠረጴዛ ነው የምፈልገው።"

"እጠግነዋለሁ።"

"አንተ? የበሩን ደወል ጠግነህ የጎረቤት ደወል ያስጮህክ ሰው?"

ያ ደወል የእኔ ነበር።

ጌንጎ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሰፈር ሄዶ አንድ ከረጢት ካፓሲተር ይዞ ተመለሰ። እንደ ጣት ጫፍ ያሉ ትንንሽ ቆርቆሮዎች ናቸው፤ ሲያረጁ ይደርቃሉ፣ እነሱ ሲደርቁ ስዕሉ ይጠባል። የሸጠለት ሽማግሌ አንድ ነገር አስጠንቅቆታል፦ አሮጌ ስክሪን ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪኩን ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ ይቆያልና፣ በሽቦ ከብረቱ ጋር በታሰረ ካቻቢቴ መጀመሪያ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ አንደኛውን እጅ ከጀርባ ማድረግ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ልብ መሃል እንዳይገኝ።

"ሚስት አለህ?" ብሎ ጠይቆታል ሽማግሌው።

"አለችኝ።"

"ጥሩ ሰው ናት?"

"አታሸንፍ እንጂ ጥሩ ናት።"

ሰኞ ካፌው ዝግ ነው፤ ሚሳኦም ልጇ ቤት ትውላለች። ጌንጎ የሚሳኦን ሮዝ የእቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቆ፣ የዝናብ ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ የሹፌርነት ቆቡን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔና ባለ ፀጉር ቤቱ ሂሮናካ ልናይ ሄድን። ሂሮናካ የመጣው ሊረዳ እንደሆነ ይናገራል፤ የያዘው ግን የተጠበሰ ኦቾሎኒ ነበር።

ጌንጎ ጠረጴዛውን በጎኑ አጋድሞ የታችኛውን ሽፋን ፈታ። ግራ እጁን ከጀርባው አጥፎ ካቻቢቴውን ከስክሪኑ ጀርባ ካለው የጎማ ቆብ ስር ቀስ ብሎ አስገባ። ጧ አለ። ሂሮናካ ከነኦቾሎኒው ከወንበር ወረደ።

"ኤሌክትሪክ፣ ወጥቷል" አለ ጌንጎ በጣቱ እየጠቆመ።

"የሂሮናካም ነፍስ አብራ ወጥታለች" አልኩት።

ከዚያ ብየዳው ቀጠለ። በመጀመሪያው ካፓሲተር የጓንቱን አውራ ጣት አቀለጠ፣ በሁለተኛው ሌባ ጣቱን። ሦስተኛው ላይ ጓንቱ ካፓሲተሮቹ ከተተከሉበት ሰሌዳ ጋር ተጣብቆ ቀረና እጁን ብቻ አወጣ።

"አሁን ሚሳኦ እቃ በምን ታጥባለች?" አለ ሂሮናካ።

"በድል ታጥባለች" አለ ጌንጎ።

ሁሉንም ቀይሮ ሲጨርስ ሶኬቱን ሰካ። ችግሩ እሱ ከኋላ ነው፣ ስክሪኑ ደግሞ ወደዚያኛው ግድግዳ ዞሯል። ስለዚህ የሚሳኦን መኳኳያ መስታወት አምጥቶ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አቆመውና ከተቀመጠበት በመስታወቱ ውስጥ ያይ ጀመር። ለአውቶብስ ሹፌር መስታወት ከዓይን ይበልጣል።

ስዕሉ መጣ። ቀይ፣ ሰፊ፣ ሙሉ ሸርጣን። አጨበጨብንለት። ጌንጎ ግን ፊቱን ቋጠረ።

"ፊደሉ ዞሯል" አለ።

ከኋላው ሆኜ መስታወቱን አየሁት። እውነትም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል። "ዞሯል" አልኩ።

"በደንብ ነው እንጂ የዞረው" አለ ሂሮናካ፣ ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ የሰው ፀጉር ሲቆርጥ የኖረው ሂሮናካ።

ጌንጎ ነቀለ፣ እጁን ከጀርባው አድርጎ እንደገና አስተነፈሰ፣ በስክሪኑ አንገት ላይ ከተጠመጠመው ጥቅልል የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች አቀያየረና መልሶ ሰካ። መስታወቱ ውስጥ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ተነበበ።

"ፊደል፣ ደህና። ሸርጣን፣ ደህና።" ሽፋኑን ገጠመ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ጠረጴዛውን አቆመ፣ የጠረጴዛ ልብስ ደረበበት። ሚሳኦ እንድታየው የፈለገው ረቡዕ፣ የቁርስ ሰው ሲወጣ ነበር።

ረቡዕ እኔና ሂሮናካ ባለንበት ጨርቁን ሲገልጠው ሚሳኦ ጎንበስ ብላ አየች፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አየች።

"አባቷ፣ ይሄን የት አገር ፊደል ነው የሞላህበት?"

ጌንጎ ጣቱን ሊቀስር አንስቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያን ጊዜ ነው ለሁላችንም የገባን። ሂሮናካ ጣሪያውን፣ እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርን።

"በመስታወት ነው ያየኸው አይደል?" አለች ሚሳኦ። "መኳኳያ መስታወቴ ላይ የጣትህን አሻራ አግኝቻለሁ።"

"ስዕሉ ግን መጥቷል" አለ ጌንጎ።

"መጥቷል። ጀርባውን ሰጥቶ።" ሳንቲሟን ከመሀረቧ ፈታች። "ይሁን፣ ነገ ከመሄዱ በፊት አንዴ አሸንፌህ ልሸኘው።"

ተቀመጠች፣ ጀመረች። ሸርጣኖቹ በለመደችው በቀኝ መምጣታቸውን ትተው በግራ መጡ። እጇ ወደ ግራ ሲሸሽ ጀልባው ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ወደ ቀኝ ስትስበው ሸርጣኑ አፍ ውስጥ ይገባላታል። ውሃዋን እንኳ ሳትጎነጭ ጨዋታዋ አለቀ። እንዲህ ያለ ውጤት ከእሷ አይተን አናውቅም፤ የጌንጎ ውጤት ነበር የሚመስለው።

ቀጥሎ ጌንጎ ተቀመጠ። ያ ሰው ያን የመሰለ ረጅም አውቶብስ በመስታወት እያየ በጠባብ በር ወደ ኋላ ሲያስገባ ነው ዕድሜው ያለቀው፤ ግራ ማለት ቀኝ፣ ቀኝ ማለት ግራ የሆነበት ዓለም ቤቱ ነው። ጀልባውን እንደ አውቶብስ አሽከረከረው። ሸርጣን ያልፈዋል፣ እሱ "ደህና" ይላል፣ ሸርጣን ይፈነዳል፣ "ደህና" ይላል። የሚሳኦን ውጤት ሲያልፍ ራሱም አላመነም፤ ወደ እኔ ዞሮ "ባለ ላውንደሪ፣ አንብቢልኝ" አለኝ። ፊደሉ የዞረ ቢሆንም ቁጥሩን ለይቼ አነበብኩለት።

"አይቆጠርም" አለች ሚሳኦ።

"ለምን?"

"ዞሯላ።"

"ለእኔም ዞሮ ነው የተጫወትኩት።"

"ዳኛ ካስፈለገ እኔ አለሁ" አለ ሂሮናካ።

"አንተ መጀመሪያ ግራና ቀኝህን ለይ" አለችው ሚሳኦ።

ጌንጎ ቆቡን አንስቶ ወገቡን አጥፎ እጅ ነሳት፣ ዝቅ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ። ሚሳኦ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ ሚሳኦ ካፌውን ሳትከፍት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ጓንታቸውን እያጠለቁ ገቡ።

"የሚሄደው ይሄ ነው?"

"ይሄ ነበር" አለች ቀና ሳትል።

"እናታችን፣ ቲኬት ተለጥፎበታል።"

አንድ እጇን ከመጫወቻው ሳታነሳ በሌላው ቲኬቱን ልጣ ሰጠቻቸው። አንደኛው ጎረምሳ ለመሄድ ዘወር ካለ በኋላ አላስችል ብሎት ተመለሰ። "በግራ እየመጡብሽ ነው።"

"በግራ መሆኑን አይቻለሁ" አለችው። "እጄ ነው እንጂ ያላየው።"

ጠረጴዛው ያው መስኮቱ ስር አለ። ጌንጎ አሁን ሁለቱን ሽቦዎች መልሶ ማቀያየር እንደሚችል፣ እንቁላል እስኪበስል እንደማይፈጅ ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ደንበኛም ይጫወትበት እንጂ ይላል፣ ካሸነፈ ወዲህ ቸር ሆኗል። ሚሳኦ ግን በዞረው ተሸንፋ በዞረው ሳታሸንፍ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ካቻቢቴውንም ደብቃበታለች። ሊፈልገው ሁለት ጊዜ እኔ ጋ መጥቶ የሚተኮሰውን ሸሚዝ ሁሉ አገላብጧል። ያለበትን አውቀዋለሁ፣ ከእኔው የሳሙና ማሰሮ ስር ነው። ባልና ሚስት መሃል መግባት ግን ምን ይሠራልኛል፤ አላየሁም አልኩት።