የአንድ ክንድ ምርቃት

መምህር ምስክር በቆጋ ግድብ ላይ ለሚያንሳፍፋት ጀልባ ነፋስ የሚገፋው ሸራ ሊያሰፋ፣ ፍኖተ ሰላም ወዳለው የጋሽ ዘርትሁን ልብስ ስፌት ቤት መጣ። «ቁመቱ አራት ሜትር፣ የታች ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል። አደራ፣ ከዚህ እንዳይበልጥ» አላቸው።

ጋሽ ዘርትሁን ይሉኝታ መሰላቸው። ልኩን ብቻ ቆርጦ መስጠት የቋጣሪ ሥራ ነው ባይ ናቸውና ወርዱ ላይ አንድ ክንድ መረቁለት። ለልጆቻቸው አስተማሪ ይህ ይበዛል እንዴ!

በሳምንቱ ጀልባዋን ነፋስ ገለበጣት፤ መምህሩን ውሃ በላው።

ጋሽ ዘርትሁን ለቅሶ ቤት ሲገቡ የመምህሩ እናት ተነስተው እጃቸውን ያዙ። «እርስዎን ሲያመሰግን ነው የሄደው» አሏቸው። «ሸራው ለጀልባዋ እንደሚበዛ አውቆት ነበር። ‹ታዲያ ቁረጠዋ!› ስለው፣ ‹ጋሽ ዘርትሁን የመረቁልኝን እቆርጣለሁ? ነውር አይደለም?› አለኝ።»