ወደ ፀሐይ የተያዘ ራጅ

«ቀኗ ነው፤ ቀኗ ደርሶ ነው» አሉ አያ አንለይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ። «የሐኪም መድኃኒት ደግሞ አጥንት ሲበላ እንጂ ሲያድን የት አየን?»

አይናለም እህቷን ሰርክን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። በለቅሶ ብዛት ድምጿ ተዘግቷል። ይህችን የአጎቷን ቃል ግን ልትውጣት አልቻለችም፤ ከጎኗ የአክስቷ ልጅ አምሳል ተቀምጣ እየሰማች ነበርና። አምሳልም እንደ ሰርክ ከጡቷ ተነስቶ አጥንቷ የገባ ካንሰር አለባት። ኪሞ ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታይበት የራጅ ቀጠሮዋ ነገ ባሕር ዳር ነው።

«እኔስ ቀረሁ» ሹክ አለቻት አምሳል። «የሰርክን አይቼ ምን ልሁን ብዬ እሄዳለሁ? ነጭ ነጩ በዛባት ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

አዎ፣ እሷው ናት። ያን ለት የሰርክን ሁለተኛ ራጅ ተቀብለው ሐኪሙ ዘንድ ለመግባት ወረፋው ረዥም ነበር። አይናለም ሩዝ ስትለቅም ያደገች፣ ከእፍኝ ሩዝ ውስጥ ጠጠር ሳትስት የምታወጣ፣ በዐይኗ የምትመካ ሴት ናት። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስታ ከፊተኛው ጋር አስተያየችው። ሦስት የነበረው ነጭ ነጠብጣብ ዘጠኝ ሆኗል።

«ኸዚህ ወዲያ ምን እንጠብቃለን? በዝቶብሻል» አለቻት።

«ወገቤ ግን ቀሎኛል እኮ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኝቻለሁ።»

ሰርክ ጎርፍ በገባ ክረምት ሁሉ ታናሿን አዝላ ያሻገረች፣ ተቆጥታት የማታውቅ እህት ናት። ያን ለትም እየሳቀች ተከተለቻት። ሐኪሙን ሳያዩ ወደ ቤታቸው ወረታ ተመለሱ፤ ኪሞውም በዚያው ቀረ።

ከአራት ወር በኋላ ሰርክ መራመድ ሲያቅታት፣ አይናለም በተራዋ አዝላ ወሰደቻት። ሐኪሙ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ሰቀላቸው።

«ቤት ስትመርጊ፣ የተሰነጠቀው ላይ አዲሱ ጭቃ ጎልቶ አይታይም?» አላት። «ይኼ ነጭ አጥንቱ ራሱን ሲጠግን ነበር። ነጭ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ነጭ ሁሉ መዳንም አይደለም። ከሕመሟና ከደም ምርመራዋ ጋር አስተያይተን እንነግራችሁ ነበር።»

መድኃኒቱ እንደገና ተጀመረ። አልደረሰላትም።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ አይናለም ብድግ አለች። «አያ፣ ይቅር ይበሉኝና ቀኗ አልነበረም! መድኃኒቱም አልገደላት። መድኃኒቱን ያስጣልኳት እኔ ነኝ። እሷ ቀሎኛል እያለችኝ፣ እኔ ዐይኔን አመንኩ!»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ኧረ በማርያም፣ ልጄ!» አሉ አያ አንለይ። «እንዲህ ያለ ነገር በሐዘን ቤት ይወራል? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ነገ አምሳልን ይዤ ባሕር ዳር እሄዳለሁ።»

«በሰልስቷ? የሟች እህት ኸሐዘን ቤት ተነስታ?»

«ሰርክን ቀብሬያታለሁ። አምሳልን ጨምሬ አልቀብርም። ከፈለጉ ይርገሙኝ!»

አልረገሟትም፤ ፊታቸውን ግን አዞሩባት። ሌላውም አጉረመረመ። በማግሥቱ ማለዳ ሰው ለሰልስቱ ሲሰበሰብ፣ እሷ ጥቁሯን እንደለበሰች የአምሳልን ክንድ ይዛ ወረታ መነኻሪያ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ የአምሳል ራጅ ወጣ። ፖስታውን አይናለም ተቀበለች። በኮሪደሩ መስኮት ፀሐይ ይገባል። ጣቶቿ ሳታዛቸው ፊልሙን እስከ ግማሹ አወጡት።

«በዛ?» አለች አምሳል ዐይኗን ጨፍና።

አይናለም ፊልሙን ወደ ፀሐይ አላነሳችውም።

«ወገብሽስ?» አለቻት።

«እሱስ… ቀሎኛል።»

«እሱን ለሐኪሙ ንገሪው።»

ፊልሙን መልሳ ከተተችው። ፖስታውን አግዳሚው ላይ አስተኝታ ተቀመጠችበት፤ የአምሳል ስም እስኪጠራም አልተነሳችም።