ስፒል የጎረሰ አፍ

ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ይረገማል፣ አቅም ካለ ይከሰሳል። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ጎረቤት ተሰብስቦ ያማዋል፤ ሐሜት ደግሞ ግማሽ ፍርድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስንት ዓመት ሙሉ የተዘጋጀችው ለክፉ ሰው ነበር። የገጠማት ግን ደግ ሰው ሆነና ጉድ ሠራት።

ታላቅ ወንድም ነበራት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ፉጨት» እያለ የሚጠራው። መሣሪያ አይነካ፣ ድምፁም ለዘፈን አይሆን፤ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ሲያፏጭ ግን ከየት እንደሚያመጣው የማይታወቅ ዜማ ይወጣው ነበር። ዛሬ አገር ምድሩ «መረዋው» የሚለው ዘፋኝ ያኔ ስም የሌለው ጎረምሳ ነውና ከጓደኞቹ ጋር በነሱ ጓሮ ይለማመድ ነበር። ፉጨት ያፏጫል፣ እነሱ ይቀበላሉ። አንዱን ዜማ ግን ፉጨት የሠራው ለእናቱ ነው፤ ታማ በተኛችበት ሰሞን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሕመሟን እንድትረሳ ብሎ፣ ትንሽ ዛሬ ትንሽ ነገ እያለ ጨረሰው። እናቱ ዳነች። እሱ ብዙም ሳይቆይ ሳንባውን ታሞ ሞተ። አፏጭቶ የሚኖር ሰው በሳንባ ሲሞት፣ የፈጣሪም ቀልድ አንዳንዴ ይመራል።

ዘፈኑ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። መረዋው ግጥም ጨመረበት፣ አገር ጉድ አለ፣ ያለሱ ሠርግ አይደምቅም ተባለ። እናትየው መጀመሪያ በሬዲዮ ስትሰማው የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። የያዘችውን አንሶላ ጥላ «ልጄ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ጆሮዋን ሬዲዮው ላይ ትለጥፋለች። ሬዲዮው ያረጀ ነው፤ ካልመቱት አይናገርም፣ ሲናገርም ይንጫጫል። አስተዋዋቂው ከዘፈኑ በፊት የሚለው ነገር ሁሌ በጩኸቱ ይዋጣል። እናትየው ታዲያ «ስሙን ሳይጠራው አልቀረም፣ ይሄ ሰይጣን ነው የበላብኝ» ብላ ሬዲዮውን በጥፊ ትለዋለች። ልብስ ሰፊዋ በሥራ ቦታዋ ባለው ደህና ሬዲዮ የሚባለውን ጥርት አድርጋ ሰምታዋለች። «ግጥምና ዜማ፣ ራሱ ድምፃዊው» ነው የሚባለው። ለእናቷ አልነገረቻትም። አዲስ ሬዲዮ ያልገዛችላትም በንፍገት አይደለም።

ዘንድሮ እናትየው እንደገና አልጋ ያዘች። የዘንድሮው ሕመም በፉጨት የሚድን አልነበረም፤ ሐኪሙም እሷም ያውቁታል። መረዋው ልብስ ሰፊዋ በምትሠራበት ትልቅ አዳራሽ ሊዘፍን ነው፣ በሬዲዮም በቀጥታ ይተላለፋል የተባለ ለት ልጇን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ» አለች። «ንገሪው። የፉጨት ነው ይበል። አንዴ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ከዚያ ወዲያ ብሞትም አይቆጨኝ።»

«እሺ እማዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እሺታዋ የዋዛ አልነበረም። የአዳራሹ አልባሳት ክፍል ውስጥ ስንቱን ታዋቂ ለክታለች። ሲሞላቀቁ፣ ሲቆጡ፣ በልተው ሱሪ ሲጠባቸው በሷ መቀስ ሲያመካኙ አይታለች። መረዋውንም ከነሱ የባሰ አድርጋ ጠበቀችው። ሰሞኑን ሁሉ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች የምትለውን አጠናች። «ሌባ» የምትለዋን ቃል አንዴ ታስገባታለች፣ አንዴ ታወጣታለች። በመጨረሻ አስገባቻት።

የዝግጅቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተጠራች፤ የመረዋው ኮት ብብቱ ሥር ተተርትሯል ተባለ። ጥርሷን ነክሳ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገባች። ገና በሩን ስታልፍ ከበሮ መቺው ከወንበሩ ተነሣላት። ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ ያ ፎቶው በየግድግዳው የተለጠፈው ሰውዬ፣ የስፌት ሣጥኗን ተቀብሏት «አረፍ በይ እህቴ፣ ቆመሽ ነው እንዴ የዋልሽው?» አላት። በገዛ እጁም ውኃ ቀዳላት። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ፊርማቸውን ለማግኘት ሕዝብ በር የሚሰብርላቸው ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ጥማቱም ነበረባትና ጠጣችው። ከውኃው ጋር ንዴቷም ትንሽ ወረደ፤ ይሄ የመጀመሪያው ስህተቷ ነው።

መረዋው ኮቱን እንደለበሰ መስታወቱ ፊት ቆሟል። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሆዴ እንደ ዝናዬ በየዓመቱ እየሰፋ አስቸገረኝ» አላት።

የብብት ስፌት ደግሞ ገላ ላይ እንዳለ ካልተያዘ ልኩ አይመጣም። አንዱ እጅ ጨርቁን ይይዛል፣ አንዱ እጅ ይወጋል፤ ለስፒል ማስቀመጫ የሚቀረው አፍ ብቻ ነው። እንደ ልማዷ ስፒሎቿን ጎረሰች። መጀመሪያ ተናግራ ኋላ መጉረስ ስትችል፣ እጇ ቀደማት። ልማድ ነዋ።

መረዋው በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብሎ አያት። «ቆይ እስቲ። አንቺ የፉጨት እህት አይደለሽም?»

አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

ዞሮ አቀፋት፣ ከነስፒሏ። አንዱ ሳይወጋው አይቀርም። ሲለቃት ዓይኑ እንባ ሞልቷል። የመድረክ እንባ አይደለም፤ የመድረክ እንባማ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እናንተ፣ የፉጨት እህት ናት» አለ ወደ ጓደኞቹ። «ያን ጓሮ ታስታውሳላችሁ? እናቷ ሁላችንንም እንደ ልጆቻቸው ያበሉን?» ከበሮ መቺው ኮፍያውን አወለቀ። መረዋው ወደሷ ዞሮ «እማማ ደህና ናቸው? በሕይወት አሉ?»

ነቀነቀች።

«ተመስገን። እንደ ፉጨት ያለ ሰው አልገጠመኝም። መጀመሪያ መድረክ የወጣሁት በሱ ሸሚዝ ነው። አንድ ደህና ሸሚዝ ነበረችው፤ እሷን አውልቆ ሰጠኝ። አየሽ፣ ይሄው እስከ ዛሬ አልረሳሁም።»

ሸሚዙን አልረሳም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ የሰማችው ከንፈሯን ገጥማ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው ስፒል ጎርሶ አያውቅም። የመጨረሻዋን ስፒል ጨርቁ ላይ ሰክታ አፏ ነፃ ሲወጣ፣ ያጠናችው ንግግር ድራሹ ጠፋ። ፊቷ የቆመው ሰው እያለቀሰ ነው። የሚያለቅስን ሰው «ሌባ» ማለት ደግሞ አልተማረችም፤ እናቷ እንዲያ አድርጋ አላሳደገቻትም።

«ያ ዘፈን» አለች እንደ ምንም። «ያ ትልቁ ዘፈንዎ። እሱን እኮ ፉጨት…»

«አዎ፣ እንዴት አድርጎ ይወደው እንደነበር» አለ መረዋው፣ ፊቱ በርቶ። «ቀኑን ሙሉ ሲያፏጨው ይውል አልነበር? እኔ ገና ሳልጨርሰው እሱ ይዞት ይዞር ነበር።»

ዓይኑን አየችው። ውሸት ፈለገችበት፤ አጣች። ሰውየው ከልቡ ነው። የዘፈኑን አወላለድ ለጋዜጠኛ ሁሉ ሲተርክ ሲተርክ፣ ተረቱ እውነቱን አስነሥቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«አይ፣ እሱ እኮ…» ብላ ስትጀምር መረዋው እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ለእማማ ምን ላድርግላቸው? በሞቴ ንገሪኝ።»

ይኸው ጠየቃት። በሩን ራሱ ከፈተላት። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ግን ሳክስፎን ተጫዋቹ ፈገግ ብሎ ያያታል፣ ውኃ የቀዳላት ብርጭቆም ገና አጠገቧ ነው። አፈረች። በሰው ሀብት ሌላው ይፈር እንጂ ባለቤቱ ምን ያሳፍረዋል ትሉ ይሆናል፤ አፈረች ነው የምላችሁ።

«ስሙን ቢጠሩላት» አለች። «በሬዲዮ ትሰማለች። ሬዲዮዋ አሮጌ ስለሆነ ጮክ ብለው ይጥሩላት።»

«ይሄማ ምን አላት» አለና ግንባሯን ሳማት።

ጠራውም። ደግ ሰው ቃሉን አያጥፍም። ልብስ ሰፊዋ መርፌና ክሯን እንደያዘች ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰማችው። «ይህ ዘፈን ለጓደኛዬ ለፉጨት መታሰቢያ ይሁንልኝ» አለ መረዋው። «ነፍሱን ይማረውና፣ ከሠራሁት ከኔ የበለጠ የሚወደው እሱ ነበር።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሷም አጨበጨበች፤ ምን ታድርግ፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እስከዚያ ቀን ድረስ ዘፈኑ የተወሰደ ዕቃ ነበር፤ የተወሰደ ዕቃ ደግሞ ባለቤት አለው። አሁን አገር እየሰማ፣ በገዛ ልመናዋ፣ ባለቤቱ አድናቂ ሆኖ ቀረ።

ቤት ስትደርስ እናትየው ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም።

«ስሙን ሰማሁት» አለች። «ጮክ አድርጎ ጠራልኝ። ከዚያ ይሄ ሰይጣን ተንጫጫና የቀረውን በላው። የፉጨት ነው አለ አይደል?»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማ ፈልጋ ለማድረግ ጎንበስ አለች። «አለ እማዬ።»

«እንዴት ብሎ?»

«እኔ ዘፈንኩት እንጂ የሠራውስ ፉጨት ነው አለ።»

እናትየው ስትመታው የኖረችውን ሬዲዮ እንደ ልጅ ራስ ዳበሰችው። «ድሮም ደግ ልጅ ነበር» አለች። በዚያ ቀን ማስታገሻዋን ሳትጠይቅ ተኛች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ለሚሞት ሰው የተዋሸን ውሸት ማንም አይቆጥረውም። ግን ደግነት አንዴ ከተነሣ ማን ይመልሰዋል። በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ሥራ ውላ ስትመለስ፣ ገና ደጁ ላይ ሳለች የመረዋው ድምፅ ከቤቷ ሲወጣ ሰማች። ጩኸት የለው፣ መንጫጫት የለው፤ ሰውየው ራሱ ሳሎን የገባ ነው የሚመስለው። ሮጣ ገባች። እናቷ ራስጌ አዲስ ሬዲዮ ቆሟል፣ ትልቅ፣ ገና ፕላስቲኩ ያልተላጠ። ጣቢያው የትናንቱን ዝግጅት እየደገመ ነው።

«ከሠራሁት ከኔ የበለጠ የሚወደው እሱ ነበር» አለ ሬዲዮው። ከዚያ ጭብጨባው፣ ከዚያ ዘፈኑ።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ሬዲዮው ማጥፊያ ሰደደች። እናትየው «ተይው» አለቻት። ልጇ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሠራላትን ዜማ ዓይኗን ከድና እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«መረዋው ሾፌሩን ነው የላከልኝ» አለች ሲያልቅ። «ጎረቤት በር ከፈተችለት። ሰክቶ፣ አስተካክሎ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አንዲት ቃል አታመልጥም።»

«እማዬ፣ እኔ…»

«ሰውየው ክፉ ነው?»

«አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በጣም ደግ ነው።»

እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሾፌሩ አሮጌውን ሬዲዮ ልጣልልዎት ብሎ ይዞት ሄደ» አለች። «ሩቅ አልጣለው ይሆናል። እስቲ ሂጂና ፈልጊልኝ።»