የጣሪያው ሰዓት

አማቼ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ሲመሽ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በትንሽ ቴሌስኮፕ ኮከብ ያያል። ነገሩ አልተዋጠልኝም። ጣሪያው ከጎረቤታችን ሴት ሰገነት ጋር ፊት ለፊት ነው።

"እዚያ ላይ ምን ታያለህ?" አልኩት።

"ሁለት ኮከቦች ናቸው አባባ። አንዱ ሌላውን ሲጋርደው ብርሃናቸው ይደክማል። ከሁሉ የደከመበትን ደቂቃ ለኮከብ ተመልካቾች ማኅበራችን እልካለሁ።"

"የኮከቡ መደብዘዝ ይታየዋል፤ የሚስቱ ፊት መጥቆር አይታየውም" አለች ልጄ ከጓዳ። ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚወርድ ቃል ገብቶላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፊቱ ተለዋውጦ ገባ። የሚልካቸው ደቂቃዎች አንዳንዴ ሌሎቹ አባላት ከሚልኩት ጋር ይገጥማሉ፤ አንዳንዴ ይዘገያሉ። ከራሱ ፈጥሮ ይልካል ተብሎ ተጠርጥሯል። ሐሙስ የማኅበሩ ሰብሳቢ መጥቶ ያያል። ካላመነው የዓመታት ሥራው ሁሉ ይሰረዛል።

"አባባ፣ ጣሪያ ላይ የምይዘውን ኮምፒውተሬን ነክተዋል እንዴ?"

"እኔ ከሬዲዮ ቁልፍ ሌላ አልነካም" አልኩት። ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም መከታተል ጀመርኩ።

በዚያው ምሽት "ይኸው፣ ሦስት ሰዓት!" ብሎ ወረደ። ሬዲዮው ገና ማስታወቂያ ላይ ነበር፤ ሰዓቱን አልደወለም። ልጄ የታጠበ ብርጭቆ አንስታ እንደገና ማጠብ ያዘች። በማግስቱ ሲሳሳቁ ዋሉ፤ የእሱ መውረድና የሬዲዮው ደወል እኩል ሆኑ። ረቡዕ ተጣሉ። እሱ ሲታጠብ ኮምፒውተሩን ወደ ጣሪያ ያወጣችው እሷ ናት፤ ደረጃው መሐል ቆም ብላ ጣቷ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እንደገና ቀድሞ ወረደ።

ሐሙስ ሰብሳቢው መጣ።

"ሰዓቱን ከየት ነው የምትወስደው?"

"ከኮምፒውተሩ።"

ሰብሳቢው ሰዓትን በቀጥታ ከሳተላይት የሚቀበል ትንሽ ሳጥን ከቦርሳው አወጣና ተያይዘው ወደ ጣሪያ ወጡ። ልጄ ደርቃ ቀረች።

"ትናገሪያለሽ ወይስ ልናገር?" አልኳት።

"ምኑን አባዬ?"

እጇን አየሁ። ወደ ጣሪያው ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት።

"እኔ ነኝ" አለች እያለከለከች። "ከዘንድሮ ጀምሮ፣ ቶሎ እንዲወርድልኝ ብዬ ሰዓቱን ወደ ፊት እገፋው ነበር።"

ይቆጣታል ብዬ ነበር። "በስንት በስንት ደቂቃ?" ብቻ አላት።

"እንደ ንዴቴ።"

ሰብሳቢው ሳቀ። ቀጥሎ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ሁልጊዜ እኩል ገፍተሽው ቢሆን ቀንሰን እናስተካክለው ነበር። የንዴትሽን ልክ ከየት እናመጣለን?"

የዘንድሮው ሥራ ተሰረዘ። የቀደመው ተረፈ፤ አማቼ ውሸታም ከመባልም ዳነ። ሰብሳቢው ሳጥኑን ትቶለት ሄደ። "ይህን ማንም አይገፋውም" ሲል ግን፣ ጥፋተኛው እኔ የሆንኩ ይመስል፣ የሚያየው እኔን ነበር።

አሁን ልጄም አብራው ትወጣለች። ኮከቡን ወድጄዋለሁ ትላለች። ዛሬ አጮልቄ አየኋት፤ ባሏ በቴሌስኮፑ ወደ ላይ ያያል፣ እሷ ወደ ጎረቤታችን ሴት ሰገነት።