ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ኒቆዲሞስ መጽሐፉን ሲዘረጋላቸው ወይዘሮ ኸዲጃ እጃቸውን አልዘረጉም።

"አይተነዋል" አሉ። "ቱሪስቶቹ ይዘውት ይመጣሉ።"

ኒቆዲሞስ ደስ አለው፤ ሙገሳ መሰለው። ስዊድን ተሰዶ፣ የጽዳት ድርጅት ከፍቶ የከበረ፣ ከጀጎል ወጣ ብላ ላለችው ለድሬ ጠያራ ልጆች ትምህርት ቤት ያሠራ ሰው ነው። በስተርጅና ደግሞ አገር እየዞረ የጉዞ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀምሯል። አምና ጀጎልን ሊጽፍ ሲመጣ ያረፈው እዚሁ ቤት ነበር።

"እንኳን ወደዱት፣ እትዬ ኸዲጃ!"

"ምኑን ልውደደው? ስለ ምንጣፋችን ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

ክው አለ። ጀጎል ውስጥ ከበር በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖሯን ይናገራል። እሱ ግን ይህ አልበቃውም፤ የቤቱ ልጅ ሪሃና ጠያቂ አጥታ ምንጣፉ አቧራ እንደ ለበሰ፣ እሷም ተደብቃ እንደምታለቅስ ጨመረበት። ልጅቷ የመጣላትን ሁሉ የመለሰችው ትምህርቴን ልጨርስ ብላ እንደሆነ እናቷ ነግረውት ነበር። እውነቱ ለመጽሐፍ አልጣፈጠውም።

"ቱሪስቶቹ በር ላይ ቆመው 'የምታለቅሰው የትኛዋ ናት?' ይላሉ። ጎረቤት ይስቃል። ወላሂ፣ ልጄ ደጅ መውጣት ትታለች።"

የኒቆዲሞስ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ኪሱ ገባ።

"ለሰርጓ እኔ ራሴ..."

"አስተግፊሩላህ! ጠያቂ ያጣች አልካት፤ አሁን ደግሞ ተመጽዋች ልታደርጋት ነው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እንዲህ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም።

ይሄኔ አስጎብኚው ኤልሳዕ ፈረንጆች አስከትሎ ደጃፉ ላይ ደረሰ። አንዷ መጽሐፉን ይዛለች። ጎረቤቶችም የለመዱትን ትርኢት ለማየት ከየበራቸው ብቅ ብቅ አሉ።

"ጋሽ ኒቆዲሞስ! ደራሲው ራሳቸው እዚህ ናቸው!" አለ ኤልሳዕ በደስታ፤ ለፈረንጆቹም በእንግሊዝኛ ደገመላቸው። ስልኮች ፎቶ ለማንሳት ተደገኑ።

ኒቆዲሞስ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ በካልሲው ወጣ።

"ስለዚህ ቤት ልጅ የጻፍኩት ውሸት ነው" አለ። "ሪሃና ጠያቂ አላጣችም፤ ትምህርቷን መርጣ ነው። ለቅሶውንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ያበሉኝን ሰዎች አዋረድኩ።"

ኤልሳዕ ደንግጦ ተጠጋው። "ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ያድርጉት እንጂ፤ እንግዶቹ እኮ አማርኛ አይሰሙም።"

"እነሱ ይቆዩ" አለና ፊቱን ወደ ጎረቤቶቹ አዙሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።