ይበርደኛል

ባሌ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። መኝታ ቤታችን መስኮት ላይ፣ ዝርግ ሳፋ ውስጥ፣ በጠጠር መሃል ተነጥፋ ትኖራለች።

የችግኝ ጣቢያ አትክልተኛ ነው። ተራራው ጫፍ ላይ መንገድ ሲቀደድ ከዶዘር አፍ ያተረፋት እሱ ነው። ዛፍ ከማይደርስበት ቦታ ነው የመጣችው። እዚያ ነፋሱ ቀና ያለውን ሁሉ ስለሚሰብር፣ መሬት ለመሬት እየተሳበች፣ በየአንጓዋ ሥር እየሰደደች እንደ ምንጣፍ ትዘረጋለች። ከዚያ ተራራ በቀር የትም አትበቅልም አሉ። ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል።

ብርድ ካላገኘች አታብብም ብሎ መስኮቱን አያስዘጋኝም። ውጭ እንዳያወጣት ደግሞ ድመት ይቆፍርብኛል ይላል። እኔ ስፌት ላይ አጎንብሼ ውዬ፣ ማታ በሻርፕ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። ቀናሁ። በአበባ! እህቴ ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች፤

"ሴት ብትሆን ፀጉሯን ትነጪ ነበር፤ የዚችን ምኗን ትይዣለሽ?"

ባለፈው ወር እሷን መልሶ የሚተክልበትን ቦታ ሊያይ ለሁለት ሳምንት ወደ ተራራው ሄደ። "አደራ፣ እንዳትነኪያት" ብሎኝ ወጣ። እኔን ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም። በእኔ እጅ ብታብብ ምን ይል ይሆን? ጠጠሩን ዝቄ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞላሁላት፤ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣኋት፤ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። ቲማቲሜ እንዲህ ሳደርግለት አይደል የሚያፈራው?

ሲመለስ ቅጠሏ ረዝሞ፣ መሃሏ በስብሶ ጠበቀችው። እንቡጥ የሚባል የለም። ይጮኽብኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። እሱ ግን ተንበርክኮ የበሰበሰውን ለየና ከዳር የተረፈችውን ቁራጭ ሳፋው ውስጥ በመለሰው ጠጠር ላይ አስተኛት።

"ምን አድርገሻት ነው?"

"ተንከባክቤያት።"

"እሷ እኮ እንክብካቤ ይገድላታል። በብርዱ ትተሻት ዘወር ስትይላት ነው የሚያምርባት።" ቀና ብሎ ፈገግ አለ። "እንዳንቺ ናት። ራሷን ትችላለች። ለዚህ እኮ ነው የምወዳት።"

ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዘወር ያለብኝ ወዶኝ ኖሯል! መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

"እኔ ተራራ ላይ አልበቀልኩም" አልኩት። "ይበርደኛል።"

ከተንበረከከበት ተነሳ። ከዚያ ሳፋውን አንስቶ ከመስኮቱ ውጭ አስቀመጠና መስኮቱን ዘጋው። ስለ ድመቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።